የሰውን አገር ልማድ ስለ መማር

ሰው የተወለደበትን ቤት ልማድ የሚማረው መምህር ሳይቆምለት፣ መጽሐፍም ሳይገለጥለት ነው። እጁን ታጥቦ ወደ ማዕድ መቅረብን፣ ለታላቅ ሰው ከመቀመጫ መነሣትን፣ በእንግዳ ፊት ድምፅን ዝቅ ማድረግን ገና በእናቱ ጭን ላይ ሳለ ያያል፤ ያየውንም ሳያስበው ይፈጽማል። አድጎ ሰው በሆነ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ትምህርት መሆኑን ይረሳና እንደ መተንፈስና እንደ መራመድ ያለ የተፈጥሮ ነገር ይመስለዋል። የዚህም መርሳት ጉዳቱ የሚታወቀው ከሌላ አገር ሰው ጋር በተገናኘ ቀን ነው። ያ ሰው የኛን ወግ ሳይፈጽም ብናየው “ይህ ሰው ሌላ ነገር ተምሯል” አንልም፤ “ይህ ሰው ያልተቀጣ ነው” እንላለን እንጂ።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ይህን ነገር ያነሣንበት ምክንያት ነገሩ የቤተ ሰብ ጉዳይ ስለ ሆነ ነው። ከየቤቶቻችን ብዙዎቹ ወይ ልጅ፣ ወይ ወንድም፣ ወይ እኅት በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በዐረብ አገር አላቸው። በአገር ውስጥም ቢሆን ሹመትና ሥራ ሰውን ከተወለደበት ስፍራ አንሥቶ ቋንቋውንና ወጉን ወደማያውቀው ሕዝብ መካከል ያኖረዋል። ከዚህም በቀር ከሩቅ ገጠር መጥታ በቤታችን የምታገለግለው ልጅ ራስዋ የሰው አገር ሰው ናት። እንግዲህ የሌላውን ልማድ የመማር ዕውቀት መንገደኛ ብቻ የሚሰንቀው ስንቅ አይደለም፤ በየዕለቱ በማዕድ ዙሪያ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ ፋርስ ንጉሥ ስለ ዳርዮስ አንድ ነገር ይተርካል። ንጉሡ በአደባባዩ የነበሩትን ግሪኮች ጠርቶ፣ የሞቱትን አባቶቻቸውን ሥጋ ለመብላት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚቀበሉ ጠየቃቸው። እነርሱም ይህን በምንም ዋጋ እንደማያደርጉት መለሱ። ቀጥሎም የወላጆቻቸውን ሬሳ መብላት ልማዳቸው የነበረውን ካላቲያውያን የተባሉትን የህንድ ሰዎች አስጠራና፣ ግሪኮቹ እየሰሙ፣ አባቶቻቸውን በእሳት ለማቃጠል ምን ያህል እንደሚወስዱ በአስተርጓሚ ጠየቃቸው። ሬሳን ማቃጠል በግሪኮቹ ዘንድ የክብር ቀብር ነበረ፤ እነዚያ ግን ጮኸው እንዲህ ያለውን ነገር በአፉ እንዳያነሣው ለመኑት። በዚህ ትረካ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለቱም ወገኖች አባታቸውን ማክበራቸው ነው። ክብሩ አንድ ሲሆን ልብሱ ሁለት ሆነ፤ እያንዳንዱም የሌላውን ልብስ አይቶ ክብሩ የጠፋ መሰለው።

የአሜሪካው ሊቅ ዊሊያም ግራሃም ሰምነር በ1906 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የሰው ጠባይ በሰፊው ገልጦታል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ሰው የራሱን ወገን የነገር ሁሉ መካከል አድርጎ፣ ሌላውን ሕዝብ ሁሉ በዚያ ሚዛን ይመዝናል ይላል። ሊቃውንቱ ይህን ጠባይ ኤትኖሴንትሪዝም ብለው ይጠሩታል። ጠባዩ የክፉ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ አገሩንና ቤቱን የሚወድ ሰው ሁሉ ጥቂት ጥቂት አለበት።

አሁን ደግሞ ሰው ወደ ሰው አገር በሄደ ጊዜ በልቡናው ምን እንደሚደርስበት እንመልከት። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለው በካናዳ የተወለደ የሕዝቦች ልማድ መርማሪ በ1954 ዓ.ም. በብራዚል አገር በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ለሴቶች ማኅበር ስለዚህ ነገር ንግግር አድርጎ ነበር። ንግግሩም በ1960 ዓ.ም. ታተመ። ኦበርግ የእንግድነትን ጭንቀት እንደ አንድ ደዌ ቈጥሮ መነሻውን፣ ምልክቱንና መድኃኒቱን ዘረዘረ። መነሻው፣ በአገራችን ሳለን ሳናስብባቸው የሚመሩን ጥቃቅን ምልክቶች በአንድ ጊዜ መጥፋታቸው ነው። እጅ የሚጨበጠው መቼ ነው? ለአሳላፊ ጉርሻ የሚሰጠው መቼና ስንት ነው? አገልጋይ የሚታዘዘው በምን ቃል ነው? ግብዣ ሲጠሩን እሺ የምንለው መቼ፣ እንቢ የምንለው መቼ ነው? የሰውየው ንግግር የእውነት ነውን ወይስ የጨዋታ? በአገሩ ሳለ ይህን ሁሉ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ በሰው አገር ግን የተማረውም ሰው ይስተዋል። ምልክቶቹም እጅን ያለ ልክ ደጋግሞ መታጠብ፣ የሚጠጣውን ውሃና የሚበላውን ምግብ መፍራት፣ በትንሽ መዘግየት ብዙ መቈጣት፣ ወደ አገር ለመመለስ ያለ ልክ መናፈቅ ናቸው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን ከገዛ ማዕዳችን አንድ ምሳሌ እናንሣ። በኛ አገር ጨዋ ሰው “ብላ” ቢሉት ወዲያው እጁን አይዘረጋም፤ “ጠግቤአለሁ” ይላል። ባለቤቱም ቃሉን እንደ መልስ አይቈጥረውም፤ “በሞቴ” እያለ ደግሞ ደጋግሞ ይለምነዋል፤ ያጐርሰዋልም። ሁለቱም የሚጠበቅባቸውን ፈጽመው በፍቅር ይለያያሉ። አንድ ወጣት ከዚህ ቤት ወጥቶ አሜሪካ ሄደ እንበል። ባልንጀራው ወደ ቤቱ ጠርቶ “ምግብ ትፈልጋለህ?” ቢለው፣ እንዳሳደጉት “አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም” ብሎ ይመልሳል። ባልንጀራውም ቃሉን አምኖ ማዕዱን ያነሣል። ልጁ ተርቦ ወደ ማደሪያው እየተመለሰ “ይህ ሕዝብ እንዴት ያለ ንፉግ ነው” ይላል። በአንጻሩም ያ አሜሪካዊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በእውነት ጠግቦ “ጠግቤአለሁ” ባለ ጊዜ ጉርሻ በጉርሻ ላይ ቢጨመርለት፣ “እነዚህ ሰዎች የሰውን ፈቃድ አይሰሙም” ብሎ ያዝናል። አንደኛው ባለቤት እንግዳውን በመለመን አከበረው፤ ሁለተኛው ባለቤት ቃሉን በማመን አከበረው። ንፉግም ሆነ ባለጌ ከመካከላቸው የለም።

እንዲህ ያለው ስሕተት ከሌላው ስሕተት የሚከፋበት ምክንያት አለው። እኛ ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ስለምንቈጥር፣ ጧት 2 ሰዓት የምንለውን የውጭ አገር ሰው 8 ሰዓት ይለዋል። በዚህ ምክንያት ቀጠሮ የተሳሳተበት ሰው በዚያው ቀን ስሕተቱን ያገኘዋል፤ ሁለቱም ስቀው ያልፉታል። የማዕዱ ስሕተት ግን አይታይም። ልጁ ንፍገት ያየ መሰለው እንጂ ያልገባው ነገር መኖሩን አላወቀም። ያልታወቀ ስሕተት አይታረምም፤ በልብ ውስጥ ቂም ሆኖ ይቀመጣል።

ይህ መከራ በየትኛው ጊዜ እንደሚበረታ የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። ስቬሬ ሊስጎርድ የተባለው የኖርዌይ ሰው በአሜሪካ ቈይተው የተመለሱ 200 የኖርዌይ ምሁራንንና ተማሪዎችን ጠይቆ ያገኘውን በ1955 ዓ.ም. አሳተመ። ከ6 ወር በታች የቈዩት ኑሮው ተስማምቷቸው ነበር፤ ከ6 እስከ 18 ወር የቈዩት ግን ብቸኝነትና ጭንቀት በርትቶባቸው ተገኙ፤ ከ18 ወር በላይ የቈዩት እንደ ገና ተመችቷቸው ነበር። በመጀመሪያ ሰው ሁሉን ነገር እንደ ትርኢት ያየዋል፤ ቀጥሎ በውስጡ መኖር ሲጀምር ትርኢቱ ሸክም ይሆንበታል፤ በመጨረሻ ሸክሙን የሚሸከምበትን ብልሃት ያገኛል።

ዳሩ ግን ይህ መንገድ ለሰው ሁሉ አንድ አይደለም። ኮሊን ዋርድና ባልንጀሮችዋ በ1998 ዓ.ም. ባሳተሙት ምርመራ፣ በኒው ዚላንድ የሚማሩ 35 የጃፓን ተማሪዎችን ከደረሱበት ጊዜ ጀምረው እስከ 12ኛው ወር ድረስ ተከታትለው ነበር። ከሁሉ የበረታው ኀዘን የተገኘው ተማሪዎቹ በደረሱበት ጊዜ ነው እንጂ በመካከል አይደለም። ስለዚህ ወላጅ “ልጄ ገና አዲስ ነውና ደስ ይለዋል” ብሎ መዘናጋት አይገባውም። ደግሞም መከራው በመመለስ አይፈጸምም። ጉላሆርን የተባሉት ባልና ሚስት በ1963 ዓ.ም. እንደ ጻፉት፣ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ያንኑ ውጣ ውረድ በገዛ ቤቱ እንደ ገና ያልፍበታል። እርሱ ተለውጧል፤ ቤቱም እርሱ በሌለበት ተለውጧል፤ ሁለቱ ግን እንደ ድሮው ሊገናኙ ይፈልጋሉ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው? ብዙ ሰው “ስለዚያ አገር ብዙ ማንበብ ነው” ይላል። ማንበብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ፔቲግሩና ትሮፕ የተባሉት ሊቃውንት በ2006 ዓ.ም. 515 ምርመራዎችን አሰባስበው ቢመዝኑ፣ ልዩ ልዩ ወገኖች እርስ በርሳቸው መገናኘታቸው በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ አገኙ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ግንኙነቱ በምን መንገድ ይህን እንደሚያደርግ መረመሩ። ሦስት ነገሮችን አነጻጸሩ፤ ስለ ሌላው ወገን የሚገኝ ዕውቀት፣ የፍርሃት መቀነስ፣ ራስን በሌላው ስፍራ አድርጎ ማየትና ማዘን። ከሦስቱ ዕውቀት ጥቂት ብቻ ሲረዳ፣ ይልቁን የበረቱት ፍርሃትን ማራቅና ለሌላው ማዘን ሆነው ተገኙ። የፈራ ሰው ያነበበውን ሁሉ ለፍርሃቱ ማስረጃ ያደርገዋልና።

ከገዛ ታሪካችን ለዚህ የሚሆን ምስክር አለ። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበረው ስጳኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሲነሣ በመንገድ ተይዞ በየመን 7 ዓመት ታስሮ ነበር። በመጨረሻ በ1603 ዓ.ም. ደረሰ። አማርኛንና ግእዝን ተማረ፤ ከሊቃውንቱ ጋር በቋንቋቸው ተነጋገረ፤ የአገሩን ታሪክ ጻፈ፤ በ1618 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ አየ። በ1622 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ የተወደደ ሰው ነበረ። በ1625 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ መንዴዝ ከዚያው ማኅበር ነበረ፤ አሳቡም ያው ነበረ። መንገዱ ግን ሌላ ሆነ። ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ ጾሙና በዓሉ በሮም ሥርዓት እንዲሆን አዘዘ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፤ መንዴዝም በልጃቸው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገር ተባረረ።

የዚያ ዘመን መከራ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በሁለት ሰዎች ጠባይ ብቻ አይፈታም። ነገር ግን ልዩነቱ ሊስተዋል ይገባል። መንዴዝ የተማረ ሰው ነበረ፤ ስለ ኢትዮጵያም የተጻፈለት ብዙ ነገር ነበረው። የጐደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የሕዝቡ ጾምና በዓል ለሕዝቡ ምን እንደ ሆነ በሕዝቡ ልብ ሆኖ አላሰበበትም። ፓኤዝ ግን ከማስተማሩ በፊት ጠየቀ፤ ከመናገሩም በፊት ቋንቋውን ተማረ።

ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኘው የአባ ጎርጎርዮስ ነገር ነው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ሲሆኑ፣ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው የጀርመን ወጣት በ1649 ዓ.ም. በሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ አገኛቸው። ሉዶልፍ ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበረ፤ ግእዝንም ከመጽሐፍ ተምሮ ነበር። ነገር ግን መጽሐፍ ያስተማረው ቋንቋ ለአፍ አልታዘዝ ብሎት፣ ሁለቱ የሚነጋገሩበትን ቃል እስኪያደላድሉ ድረስ ተቸግረው ነበር። በ1652 ዓ.ም. የጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን አስጠራቸው። ወራት ያህል በዚያ ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ መንግሥትና ልማድ ሲጠየቁ መለሱ፤ ሉዶልፍንም አማርኛ አስተማሩት። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ ግን በ1658 ዓ.ም. በአሌክሳንድሬታ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ።

ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ በ1681 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ዓ.ም. የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። የመምህሩንም ስም አልሸሸገም፤ በ1691 ዓ.ም. ባወጣው ሐተታ የአባ ጎርጎርዮስን መልክ በሥዕል ለአንባቢ አሳየ። አባቶቻችን “ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ” የሚሉት ይህን ነው። የአንድን አገር ልማድ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከብዙ መንገደኛ ወሬ ይልቅ አንድ ያገሩን ሰው ወዳጅ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ወዳጅነቱ ግን የሚረዳበት ሁኔታ አለው። ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1954 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፣ የሁለት ወገኖች መገናኘት መልካም ፍሬ የሚያፈራው ሁለቱ በዚያ ጉዳይ በክብር እኩል ሲሆኑ፣ አንድ ግብ ሲኖራቸው፣ ለዚያም ሲተባበሩ፣ ሕግና ሹማምንትም ግንኙነቱን ሲደግፉት ነው። ይህን በምንሰማበት ጊዜ ወደ ዐረብ አገር ሄደው በሰው ቤት የሚሠሩትን ልጆቻችንን እናስብ። እንዲህ ያለችው ልጅ የአሠሪዎችዋን ቋንቋ፣ ምግብ፣ የጸሎት ሰዓትና የልጆቻቸውን አመል ሁሉ ታጠናለች፤ እነርሱ ግን ስለ እርስዋ አገር አንዲት ነገር ሳይጠይቁ ዓመቶች ሊያልፉ ይችላሉ። በአንድ ቤት እየኖሩ ትምህርቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ከሆነ መተዋወቅ አይባልም።

ይህን በሌላው ከመፍረዳችን በፊት ግን ወደ ገዛ ጓዳችን እንመልከት። ከገጠር መጥታ የምታገለግለን ልጅ የምትናገረው ቋንቋ ምን እንደ ሆነ፣ በአገርዋ በዓል እንዴት እንደሚከበር፣ ለታላቅ ሰው ክብር የሚሰጠው በምን እንደ ሆነ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ዝም ብትል ኩራት፣ ብትዘገይ ስንፍና እያልን ተርጕመንባት ይሆናል። ልጅቱ ግን ኦበርግ የዘረዘረውን ደዌ በቤታችን ውስጥ ታማ፣ የሚጠይቃት ዘመድ አጥታ ይሆናል።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የሰውን ልማድ መረዳት ማለት የተደረገውን ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ደመወዝ መከልከል፣ ፓስፖርት መቀማት፣ ሰውን በቤት መዝጋት በደል ነው እንጂ የማንም አገር ልማድ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። በአንጻሩም የሌላውን ማወቅ የራስን መናቅ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ በጎታ አዳራሽ ተቀምጠው የተከበሩት የራሳቸውን ጠንቅቀው ስላወቁ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን በአጭሩ እናኑረው።

አንደኛ፣ ልጅ ወደ ውጭ አገር ከመሄዱ አስቀድሞ የቤቱን ልማድ ከነምክንያቱ እንዲያውቅ ማድረግ ይገባል። እንግዳን ለምን እንደምንለምን ማስረዳት የሚችል ልጅ፣ ሌላውም ለሚያደርገው ነገር ምክንያት እንዳለው በቶሎ ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ልጁ በስልክ ያገሩን ሰዎች ሲያማ ወላጅ አብሮ አይማ፤ አይገሥጸውም። ይልቅስ “ምን አደረጉ? አንተ ምን ጠብቀህ ነበር? እነርሱስ ካንተ ምን የጠበቁ ይመስልሃል?” ብሎ ይጠይቀው። ቂሙን የሚፈታው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ጭንቀቱ ግን እንቅልፍና ምግብ የሚያስተወው ከሆነ ምክር ብቻ አይበቃምና ወደ ሐኪም እንዲሄድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ወደማያውቀው ስፍራ የተሾመ ሰው ከትእዛዙ አስቀድሞ ሰላምታውንና የልቅሶውን ሥርዓት ይማር። ሕዝብ ለሹም ልቡን የሚከፍተው በደስታውና በኀዘኑ ቀን እንደ ሰው ሲቆምለት ባየ ጊዜ ነው።

አራተኛ፣ ከውጭ አገር የተመለሰውን ሰው “ፈረንጅ ሆነህ መጣህ” እያሉ መቀለድ መልካም አይደለም፤ እርሱም በየነገሩ “በዚያ አገር እንዲህ አይደረግም” እያለ ቤተ ሰቡን አያሳቅቅ። ለሁለቱም ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ መንገዱ ወደዚያ ሲሄድ እንደ ነበረው ሁሉ ሲመለስም ረጅም ነውና።

አምስተኛ፣ የቤት እመቤት በቤትዋ ለምታገለግለው ልጅ ከመቈጣት በፊት ማሳየትን፣ ከማሳየትም በፊት መጠየቅን ታስቀድም። ልጆችዋም ከዚያች ልጅ ቋንቋ ጥቂት ቃል እንዲማሩ ብታደርግ፣ ሁሉም አንድ ነገር የሚያስተምርበት ቤት ይሆናል።

ይህን የሚያደርግ ቤተ ሰብ ልጁ የትም ቢሄድ አይጠፋበትም፤ ከየትም የመጣ እንግዳ ቢገባበት አይደነግጥም። የሰውን ልማድ መማር የሚጀመረው የማይገባንን ነገር ባየን ጊዜ ከመፍረድ ጥቂት ዘግይተን፣ “ይህ በእናንተ ዘንድ ምን ማለት ነው?” ብለን በትሕትና በመጠየቅ ነው።